ሃያ ሁለት አልቅት

ቤቴ ከሴን ማዶ፣ ከቆዳ ፋቂው ሰፈር፣
አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር።
ሥራዬ ቀለም ነው። ሌላ ሰው ይሥላል፣
ድንጋዩ ያትማል፣ ጥቁሩ ይደርቃል፤
ከዚያ ወዲያ እኔ ነኝ ብሩሽ የምነክር፣
ለሰካራም አፍንጫ ወይን ጠጅ የምቸር።
መቶ ቅጠል ስጨርስ ሁለት ፍራንክ አለኝ፤
ዳቦና ከሰል ነው፤ ከዚያ በላይ የለኝ።

ሣዩ ሙሴ ጉርዶን፣ እንደ እርሳሱ ቀጭን፣
ሳቅ አያውቅም ራሱ፣ ያስቃል ፓሪስን።
በዚያ ክረምት ሣለ ዶክተር ላቡዬርን፣
ሰፈር የሚያውቀውን፣ ሆዱ የሚቀድመውን።
ባርኔጣው ማሰሮ፣ አልቅት የሞላበት፣
ሆድ ማጠቢያ ቱቦ እንደ መድፍ ጎትቶት፣
«ተኩስ!» ይላል ቆሞ ከአልጋው ግርጌ ላይ፤
በሽተኛው ትራሱን ጋሻ አድርጎ ሲያይ።
ሚስት በሩ ላይ ቆማ ሣንቲም ትቆጥራለች፤
ድመቲቱ ብቻ ለሰውየው አዝናለች።
ከግርጌው ተጽፏል፦ «ሕመሙ ጠፍቷል፤
ታማሚውም አብሮት ተከትሎ ሄዷል።»

ሃያ ሁለት አልቅት በየቅጠሉ ቀባሁ፣
ከፊሉ የጠገበ፣ ከፊሉን ያስራብሁ።
የራበው ጥቁር ነው፤ የጠገበው ግን ቀይ፤
ልዩነቱ ጠብታ፣ ከብሩሼ ጫፍ ላይ።
ስቄ ነበር ያን ለት፣ አልደብቅም፣ ስቄ፣
ቀለሜን ደፋሁት ከወንበር ወድቄ።

ከመስኮት ሲሰቀል መንገዱ ተዘጋ፤
ባለ ሱቁ ዘለለ፤ ጨመረ በዋጋ።
የመድኃኒት ቤቱ ልጅ አፉን ከፍቶ ፈዞ
«ቱቦዋ የኛ ናት!» አለ በሳቅ ተይዞ።

ማክሰኞ ዶክተሩ በሠረገላ መጣ።
እኛ ጠበቅን ዱላ፣ ክስ፣ የዳኛ ቁጣ፤
ጉርዶን ከማተሚያው ኋላ ተሸሸገ።
ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤
አየ። ደግሞ አየ። ሆዱ ተናወጠ፤
ሳቁ የደጃፉን ርግብ አስደነገጠ።
«ሃያ ሁለት?» አለ። «ማን ነው የቆጠረው?
እኔ በአንድ ሌሊት ስልሳ ነው ማሰማራው!»
ደርዘን አስጠቅልሎ ሒሳቡን ከፈለ፤
መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለ።
ከዚያ ወዲህ ወረፋው እስከ ደረጃው ነው፦
«ዝነኛው የት አለ? በሥዕል ያየነው?»
ለዘለፋ የወጣ ሥዕል ሆነ ደላላ፤
ጉርዶን ያን ሰሞን እህል በወጉ አልበላ።

በሚያዝያ ወደቀ። ጎኑን ወጋው፤ ትኩሳት።
ደረጃውን ወጣሁ ሾርባ ይዤለት።
«ማንን ልጥራ?» ስለው ጣራ ጣራውን አየ፤
ከንፈሩ ደርቋል፤ ቃሉ ቆየ፣ ቆየ።
«እሱን» አለኝ።
«ማንን?»
«የሣልኩትን ጥሪ።
አርባ ቀን ፊቱን አጥንቻለሁ፤ ስሚኝ፣ አትፍሪ፤
ክፋት ፈልጌ አጣሁ። ያገኘሁት ከገጹ
እርግጠኝነት ነው፤ ያ ነው አስደንጋጹ።»
«ታዲያ ለምን?» አልኩት።
«ሳይታመሙ ይቀለዳል፤
ሲታመሙ ግን፣ ዜሊ፣ እርግጠኛ ሰው ይወደዳል።»

መጣ። ማሰሮውን ከጠረጴዛው አኖረ፤
ከጉርዶን ጎን ላይ አንድ በአንድ ደረደረ።
እኔ ቆሜ ቆጠርኩ፣ ልማዴ ነውና፤
የእጄ ሥራ ነበር፣ ያው ቀይ፣ ያው ቁመና።
ሃያ ሁለት ላይ ቆመ። ማሰሮው አለቀ።
ዶክተሩ ቀና ብሎ ወደ እኔ ሳቀ፦
«ሥዕላችሁ ልክ ነው!»
ከአልጋው በኩል፣ በጭንቅ፣
«ጽሑፉ ግን» አለ ጉርዶን፣ «ጽሑፉ ልክ አይሁን፤ ይቅር፣ ይቅር።»

ተነሣ በግንቦት። በምን እንደዳነ
እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር ሆነ።
ዶክተሩ «በአልቅቴ»፣ ዘበኛዋ «በስለቴ»፤
እኔ የምስር ሾርባዬን አውቃለሁ፣ ከነሽንኩርቴ።

አዲስ ድንጋይ ሣለ። አልጋው ያው፣ ድመቷ ያው፣
ቱቦው ያው፣ ባርኔጣው ያው፤ ግን የተኛው ሰው
ጉርዶን ራሱ ነው፤ ጢሙ እንኳ አልቀረ።
አንድ ቅጠል አምጥቶ ከፊቴ አኖረ።
«አልቅቱን ቀይ ቀቢ። መጋረጃውን ቢጫ።»
«ለፊትህስ?» አልኩት፣ «ምን ይሁን ምርጫ?»
ብሩሼን ከእጄ ወስዶ ከውሃው ነከረ፣
በእጅጌው አደረቀ፣ ከሣጥኑ አኖረ።
«ተዪው፣ ዜሊ» አለኝ፤ «ወረቀቱ ይበቃል።»
ነጩን ትቼው አለፍኩ።
አሁንም ያስቃል።